ቅጠል ወይስ ዘር? የተክልን የሀብት ሽሚያ በፖት ላይ ለመለካት የአሠራር መመሪያ

አንድ ተክል የሚያገኘው ብርሃን፣ ውሃና ማዕድን የተወሰነ ነው። ለቅጠል ያዋለውን መልሶ ለዘር ሊያውለው አይችልም። ቶሎ ካበበ ገና ትንሽ ሳለ ያብባል፤ ትልልቅ ዘር ከያዘ የዘሩ ቁጥር ያንሳል። ይህ ሽሚያ መኖሩን የሚጠራጠር የለም፤ ጣጣው የሚመጣው ልለካው ብለው ሲነሱ ነው። መቶ ተክል አብቅለው የእያንዳንዱን ቅጠልና ዘር ቢመዝኑ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ተቃራኒውን ነው፦ ቅጠሉ የበዛው ተክል ዘሩም በዝቶ ቁጭ ይላል።

ሽሚያው የት ገባ? ሒሳቡን በሁለት ተክሎች እንየው። አንደኛው 100 ሚሊግራም ሀብት አገኘ፣ ግማሹን ለዘር ሰጠ፤ 50 ለቅጠል፣ 50 ለዘር። ሁለተኛው የተሻለ ቦታ ስለደረሰው 300 ሚሊግራም አገኘ፣ ለዘር የሰጠው ግን 40 ከመቶ ብቻ ነው፤ 180 ለቅጠል፣ 120 ለዘር። ሁለተኛው ለዘር የሰጠው ድርሻ አንሶ ሳለ በዘርም በቅጠልም በለጠ። ሽሚያው በእያንዳንዱ ተክል ውስጥ አለ፤ ከውጭ ለሚያይ ግን የገቢው ልዩነት ሸፍኖታል። ቫን ኖርድቪክና ደ ዮንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንን በቀላል ቀመር አሳይተዋል፦ በተክሎች መካከል ያለው የገቢ ልዩነት ከድልድሉ (ለቅጠልና ለዘር ከሚሰጠው ድርሻ) ልዩነት ከበለጠ ተዛምዶው (ሁለቱ ባሕርያት አብረው የሚለዋወጡበት ልክ) አዎንታዊ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ለአንድ ዓላማ ነው። በመጀመሪያ በፖትና በፖት መካከል ያለውን የዕድል ልዩነት አጥፍቶ ዘረመል የሚያመጣውን ልዩነት ብቻ ማስቀረት፤ ከዚያ አካባቢውን ሆን ብሎ መቀየርና ድልድሉ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት።

የምንሠራበት ተክል አራቢዶፕሲስ ታሊያና ነው። የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነ ትንሽ አረም ነው። በራሱ ይዳቀላል፣ ፈጣኖቹ ዓይነቶች ከዘር እስከ ዘር ሁለት ወር ገደማ ይበቃቸዋል፣ የአምስት ጥንድ ክሮሞሶሞቹ አብዛኛው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2000 ተነቧል። በራሱ የሚዳቀል መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ ሐረግ (ከአንድ ተክል የወረደ ትውልድ) ለብዙ ትውልድ ራሱን ካዳቀለ በኋላ ልጆቹ በዘረመል አንድ ዓይነት ይሆናሉ ማለት ይቻላል። ያንኑ ዘረመል በ12 ፖት፣ በሁለት ዓይነት አፈር ደጋግሞ ማየት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሠሩት ለብዙ ዓመት በሚኖር ተክል ከሆነ በዘር ፋንታ ያንኑ ተክል እየቆረጡ ማባዛት ያንኑ ጥቅም ይሰጣል። ክላውሰን፣ ኬክና ሂሲ በካሊፎርኒያ በ30፣ በ1,400 እና በ3,050 ሜትር ከፍታ ላይ ባሉ ሦስት ጣቢያዎች አንድን ተክል ከፋፍለው በመትከል የሠሩት ታዋቂ ሥራ በዚሁ ዘዴ ነበር።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

20 ሐረጎች፤ 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው 260 ፖቶች፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ ማስቀመጫ ሳህን፤ የታጠበ አሸዋና ቨርሚኩላይት (ውሃ የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ)፤ የሆግላንድ ማዕድን ውህድ (ለተክል የሚያስፈልጉ ማዕድናት የተሟሟሉበት ውሃ)፤ የተጣራ ውሃ፤ 0.1 ከመቶ አጋር (ከባሕር አረም የሚሠራ ማርጊያ)፤ ፒፔት (ፈሳሽ መሳቢያ)፤ ብርሃንና ሙቀቱ የሚቆጣጠሩት ክፍል፤ የብርሃን መለኪያ፤ ካሜራና ማስመሪያ፤ እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን፤ ማድረቂያ ምድጃ፤ የወረቀት ከረጢት። እና እርሳስ። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይጠፋል፤ ሁለት ወር ከለፉ በኋላ ቁጥሩ የጠፋ ፖት መጣያ ብቻ ነው የሚገባው።

ሐረጎቹን መምረጥ

ለምን 20? የዘረመል ተዛምዶን በተመለከተ የናሙናው ቁጥር የሐረጎቹ ቁጥር ነው፤ የፖቶቹ ቁጥር አይደለም። ሐረጎችዎ 12 ከሆኑ በ5 ከመቶ ደረጃ (እንዲያው በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል ከ5 ከመቶ በታች ሆኖ) ተቀባይነት ለማግኘት ተዛምዶው ከ0.576 መብለጥ አለበት። በ20 ሐረግ 0.444፣ በ30 ሐረግ 0.361 ይበቃል። ቦታ ካነሰዎት የየሐረጉን ድግግሞሽ ይቀንሱ እንጂ ሐረግ አይቀንሱ። አምስት ሐረግ በሃምሳ ሃምሳ ፖት ማብቀል ብዙ ልፋት፣ ትንሽ ዕውቀት ነው።

ምርጫው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፍሪጊዳ የተባለው ጂን ሲሠራ ኤፍኤልሲ የተባለውን ጂን ያነሣሣል፤ ኤፍኤልሲ ደግሞ አበባን ያግዳል። እገዳውን የሚያነሣው ለሳምንታት የሚቆይ ብርድ ነው። ሁለቱም ጂኖች በደንብ የሚሠሩባቸው ሐረጎች ብርድ ካላገኙ ወራት ቆይተውም ላያብቡ ይችላሉ። በየላቦራቶሪው የሚገኘው ኮል-0 የተባለው ሐረግ ቶሎ የሚያብበው በፍሪጊዳ ጂኑ ላይ 16 የዲኤንኤ ፊደል ጎድሎ ጂኑ ስለማይሠራ ነው። ሁለት አማራጭ አለዎት። አንደኛው ለሁሉም ቡቃያ 6 ሳምንት የ4 ዲግሪ ብርድ መስጠት ነው፤ ሁሉም ያብባሉ፣ ነገር ግን ሊለኩት የፈለጉት የማበቢያ ጊዜ ልዩነት አብሮ ይጠብባል። ሁለተኛው ብርዱን ትቶ ያለ ብርድ በሦስት ወር ውስጥ የሚያብቡ ሐረጎችን መምረጥ ነው። ለዚህ ሥራ ሁለተኛው ይሻላል።

የእናት ትውልድ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ የሚያስከፍለውም ብዙ ነው። ከተለያየ ቦታ የመጣ ዘር እናቱ ያደገችበትን ሁኔታ ይዞ ይመጣል። በድርቅ ያደገች እናት ዘር ከጠገበችው ይለያል፤ በክብደቱም፣ በሚበቅልበት ቀንም። ይህ ልዩነት በሐረግና በሐረግ መካከል ስለሚታይ የዘረመል መስሎ ይቆጠርልዎታል።

መፍትሔው አንድ ትውልድ አስቀድሞ ማብቀል ነው። ከእያንዳንዱ ሐረግ ሦስት እናቶችን፣ በድምሩ 60 ፖት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት አፈር ያብቅሉ። ዘሩን በየእናቱ ለይተው ይሰብስቡና በደረቅ ቦታ በክፍል ሙቀት ቢያንስ ሦስት ወር ያቆዩት፤ በዚህ ጊዜ የዘሩ እንቅልፍ ይለቃል። እንደ ሲቪአይ ያሉ እንቅልፋቸው የከበደ ሐረጎች ከዚህም በላይ ይፈልጋሉ። የሁሉም ሐረግ ዘር ዕድሜው እኩል ይሁን። በዋናው ሙከራ ከእያንዳንዷ እናት ዘር አራት ፖት ይወጣል፤ ሁለቱ ለአንዱ አፈር፣ ሁለቱ ለሌላው።

ሁለቱን አካባቢ ማዘጋጀት

አካባቢው በፖት ደረጃ የሚሰጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ማዕድን ወይም ውሃ። የቀን ርዝመት ወይም ሙቀት ከመረጡ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። አንድ ክፍል ሞቃት፣ አንድ ክፍል ቀዝቃዛ ካደረጉ በእያንዳንዱ ውስጥ መቶ ተክል ቢኖርም የአካባቢው ድግግሞሽ አንድ ብቻ ነው። ያዩት ልዩነት የሙቀቱ ይሁን የክፍሉ አምፖል የማርጀቱ መለየት አይችሉም። ሙቀትን ወይም የቀን ርዝመትን መምረጥዎን ካልተዉ ለእያንዳንዱ አካባቢ ቢያንስ ሁለት ሁለት ክፍል ያስፈልጋል፤ አለዚያም ሙከራውን ክፍሎቹን አቀያይሮ መድገም።

ለማዕድኑ አሸዋና ቨርሚኩላይት በይዘት እኩል ይቀላቅሉ። ይህ ድብልቅ ከራሱ የሚሰጠው ምግብ እዚህ ግባ ስለማይባል ተክሉ የሚያገኘውን የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ። ፖቶቹን በዓይን ግምት አይሙሉ፤ እየመዘኑ ይሙሉ። ለበለጸገው አካባቢ የሆግላንድን ውህድ በግማሽ ጥንካሬ፣ ለድሃው በሃያኛ ጥንካሬ ያዘጋጁ። ሙሉው ውህድ በሊትር 210 ሚሊግራም ናይትሮጅን ስላለው ግማሹ 105፣ ሃያኛው 10.5 ይሆናል፤ የአሥር እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ሙሉውን ጥንካሬ አይስጡ፤ ጨው ይበዛበትና ቡቃያው ይጎዳል፤ ያኔ “የበለጸገ” ያሉት አካባቢ ራሱ ጭንቀት ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ፖት በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሚሊሊትር ይስጡ። በአንድ ጊዜ 2.1 ሚሊግራም ናይትሮጅን ለበለጸገው፣ 0.21 ለድሃው ይደርሳል። በመካከሉ በተጣራ ውሃ ብቻ ያጠጡ። የቧንቧ ውሃ የራሱ ናይትሬት ሊኖረው ይችላል፤ ለድሃው ፖት ያ ትንሽ መጠን ትንሽ አይደለችም።

እዚህ ላይ ብዙ ሙከራ ይበላሻል፦ ፖቶቹን በአንድ ትልቅ ትሪ ላይ ደርድሮ ከሥር ማጠጣት። ውሃው ከበለጸገው ፖት ማዕድን እያጠበ ለድሃው ያቀብላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱ አካባቢ አንድ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ፖት የየራሱ ሳህን የተባለው ለዚህ ነው።

አደራደር

ስድስት ብሎክ (አንድ ላይ የሚቀመጡ የፖቶች ምድብ) ይኑርዎት። በእያንዳንዱ ብሎክ 20ዎቹ ሐረጎች በሁለቱም አፈር አንድ አንድ ጊዜ ይገባሉ፤ 40 ፖት፣ አምስት በስምንት። በድምሩ 240 ይሆናል፤ የቀሩት 20 ፖቶች ለመለኪያ ማስተካከያ ናቸው፣ እንደርስባቸዋለን። በብሎኩ ውስጥ የእያንዳንዱን ፖት ቦታ በዕጣ ይወስኑ፤ በኮምፒውተርም ሆነ ወረቀት ቆርጦ በማውጣት። “ደባልቄ አስቀመጥኩ” ዕጣ አይደለም። እጅ ሳይታወቀው ትልልቁን ወደ መሐል ይወስዳል።

ፖቱ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፉ፣ የሐረጉን ስም አይጻፉ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ልኬቱ እስኪያልቅ ተዘግቶ ይቀመጥ። ይህ ሐረግ ቶሎ ያብባል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እምቡጡን አበባ አድርጎ ያየዋል።

ብርሃኑን በመደርደሪያው ላይ በዘጠኝ ነጥብ ይለኩ፤ በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ120 እስከ 150 ማይክሮሞል መሆን አለበት። በአንድ ብሎክ ውስጥ በነጥቦቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ከመቶ ከበለጠ የአምፖሉን ከፍታ ወይም የመደርደሪያውን ቦታ ያስተካክሉ። በብሎክና በብሎክ መካከል ያለው ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም፤ ብሎክ የተፈጠረው እሱን ለመያዝ ነው። የቀኑ ርዝመት 16 ሰዓት ብርሃን፣ 8 ሰዓት ጨለማ፤ ሙቀቱ በብርሃን 22፣ በጨለማ 20 ዲግሪ ይሁን።

መዝራትና ማሳሳት

የዘሩ ርዝመት ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በጣት ተይዞ አይዘራም። በ0.1 ከመቶ አጋር ውስጥ ያድርጉት፣ በጨለማ በ4 ዲግሪ ለ4 ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ በፒፔት በየፖቱ መሐል አራት አራት ዘር ይጣሉ። አፈር አያልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። በሚያሳይ ክዳን ይሸፍኑና ከ5 እስከ 7 ቀን ይተዉት። ክዳኑን በአንድ ጊዜ አያንሱት፤ አንድ ቀን ገርበብ አድርገው፣ በማግስቱ ያንሱ።

ሁለቱ የዘር ቅጠሎች የተዘረጉበትን ቀን በየፖቱ ይመዝግቡ። ይህ የመብቀያ ቀን ነው፤ የማበቢያ ዕድሜ የሚቆጠረው ከዚህ ነው። ከተዘራበት ቀን ከቆጠሩ ዘሩ ተኝቶ የቆየውን ጊዜ ከአበባ ጋር ይደምራሉ፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፣ የሚመሯቸውም ጂኖች በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት እውነተኛ ቅጠሎች ሲወጡ ወደ አንድ ተክል ያሳሱ። የትኛው ይቅር? እጅ የሚሄደው ወደ ትልቁ ነው፤ አትክልተኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን ለፖቱ መሐል የቀረበውን ያስቀሩ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ። ትልቁን እየመረጡ ካስቀሩ አበቃቀላቸው ያልተስተካከለ ሐረጎች የተሻሉ መስለው ይወጣሉ፤ ልዩነቱን የፈጠሩት መቀስዎና ጣትዎ ናቸው። የሚነቀሉትን አይጎትቱ፣ በመቀስ ጫፍ ይቁረጡ። ማዕድን መስጠት የሚጀምሩት ከዚህ ቀን ነው።

ምን፣ መቼ፣ እንዴት ይለካል

የአበባው አገዳ አንድ ሳንቲሜትር ሲደርስ መሬት ላይ በተዘረጋው ስብስብ ውስጥ ያሉትን ቅጠሎች ይቁጠሩ። የመጀመሪያው ነጭ የአበባ ቅጠል ሲታይ ቀኑን ይጻፉ። ቀንና የቅጠል ቁጥር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በድሃው አፈር ተክሉ ዘግይቶ ካበበ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ዕድገቱ ሁሉ ተጓትቶ ይሆናል፣ ወይም ወደ አበባ የመዞር ውሳኔው ራሱ ተዛውሮ ይሆናል። ቀኑ ገፍቶ የቅጠሉ ቁጥር ካልተለወጠ የመጀመሪያው ነው፤ ቅጠሉም አብሮ ከበዛ ሁለተኛው።

አገዳው በወጣበት ቀን የተክሉን ትልቅነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቆርጠው ቢመዝኑት ግን ዘር አያገኙም። መጨረሻ ላይ መመዘንም አይሆንም፤ ተክሉ ዘር ሲሞላ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ስለዚህ በዚያ ቀን ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ከላይ ፎቶ ያንሱትና የቅጠሉን ስፋት በኢሜጅጄ ፕሮግራም ይለኩ። እነዚያ 20 ትርፍ ፖቶች እዚህ ይገባሉ፦ በየዕድሜው ፎቶ ካነሷቸው በኋላ ቆርጠው በ65 ዲግሪ ለ72 ሰዓት ያድርቋቸው፣ ይመዝኑ፣ ስፋትን ወደ ክብደት የሚቀይረውን ቀመር ከእነሱ ያውጡ። ከሁለቱም አፈር ይኑሩ፤ በድሃ አፈር የበቀለ ቅጠል ለአንድ ዓይነት ስፋት የተለየ ክብደት ሊኖረው ይችላል።

አገዳው ሲረዝም በቀጭን እንጨት ይደግፉት፤ ካልሆነ ጎረቤቱ ላይ ይተኛል፣ ዘሩም ይቀላቀላል። ከግማሽ በላይ የዘር ከረጢቶቹ ቢጫ ሲሆኑ ውሃ ያቁሙ፣ አገዳውን በወረቀት ከረጢት ያልብሱት። ውሃ የሚቆመው ለእያንዳንዱ ተክል በራሱ ጊዜ ነው። ለሁሉም በአንድ ቀን ካቆሙ ዘግይተው የሚያበቡትን በድርቅ ቀጧቸው ማለት ነው።

ሲደርቅ የዘር ከረጢቶቹን በሙሉ ይቁጠሩ። በዋናው አገዳ ላይ ከሥር ስድስተኛ፣ ስምንተኛና አሥረኛ የሆኑትን ከረጢቶች ከመፈንዳታቸው በፊት ከፍተው ውስጡ ያለውን ዘር ይቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ከረጢቶች ብዙ ጊዜ በደንብ ስለማይሞሉ ይዝለሏቸው። ከዚያ 500 ዘር ቆጥረው በአንድ ላይ ይመዝኑ። የአንዱ ዘር ክብደት ወደ 20 ማይክሮግራም ስለሆነ 500ው ወደ 10 ሚሊግራም ይመጣል፤ እስከ 0.1 የሚያነብ ሚዛን በዚህ ላይ የሚሳሳተው በ1 ከመቶ ገደማ ነው። በ50 ዘር ቢሞክሩት ስሕተቱ ወደ 10 ከመቶ ይወጣል።

የዘር ቁጥር ላይ ልብ ይበሉ። ጠቅላላውን ዘር መዝኖ በአንዱ ዘር ክብደት ማካፈል ይቀላል፤ ግን አያድርጉት። የአንዱ ዘር ክብደት በስሕተት ከፍ ብሎ ከተለካ፣ ቁጥሩ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ከተለካም ቁጥሩ ይወጣል። ሽሚያ ባይኖርም እንኳ ሒሳቡ ራሱ ትልቅ ዘር ማለት ጥቂት ዘር ነው የሚል ተዛምዶ ይሠራልዎታል። ቁጥሩን ከከረጢት ቁጥርና በከረጢት ውስጥ ካለው ዘር ያውጡ፣ ክብደቱን ለብቻው ይመዝኑ፤ ሁለቱ ልኬቶች አይነካኩ።

እስከ 120ኛው ቀን ያላበበ ተክል ካለ ሙከራው ለእሱ ያበቃል። ከመዝገብ ግን አይሰርዙት፤ “እስከ 120 አላበበም” ብለው ይጻፉ፣ ያልተጠናቀቀ ጊዜን በሚቀበል የስታቲስቲክስ ዘዴም ያስሉት። መሰረዝ ማለት ከየሐረጉ የዘገዩትን ብቻ መርጦ መጣል ነው፤ የዘገየው ሐረግ ፈጣን መስሎ ይወጣል።

ሒሳቡ

ለእያንዳንዱ ባሕርይ ልይይቱን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የሚራራቁበትን ልክ፣ ቫሪያንስ) በአራት ይክፈሉ፦ ሐረግ፣ አፈር፣ የሐረግና የአፈር መስተጋብር (ሐረጎቹ ለአፈሩ የተለያየ መልስ መስጠታቸው)፣ ብሎክ፤ ከዚያ የሚቀረው የፖት ዕድል ነው። ሐረግን ከብዙ ሐረጎች መካከል በናሙና እንደተወሰደ አድርገው በቅይጥ ሞዴል (ቋሚና በናሙና የተወሰዱ ምክንያቶችን አብሮ በሚያሰላ ዘዴ) ያስገቡ፤ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይህ የደቂቃ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ያህል የሐረግ ልይይት 16፣ የመስተጋብሩ 6፣ ቀሪው 24 ወጣ እንበል። በአንድ ተክል ደረጃ የዘረመል ድርሻ 16 ሲካፈል ለ46፣ 0.35 ነው። በሐረግ አማካይ ደረጃ ግን መስተጋብሩ ለሁለት አፈር፣ ቀሪው ለ12 ፖት ይካፈላል፦ 16 ሲካፈል ለ16 ሲደመር 3 ሲደመር 2፣ 0.76። አንድ ሙከራ፣ ሁለት ቁጥር። የትኛውን እንደጻፉ ካልገለጹ አንባቢ ይሳሳታል። ሁለቱም ቢሆኑ የተክሉ የማይለወጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ አፈሩን ቢቀይሩ ወይም ሐረጎቹን ቢቀይሩ ይለወጣሉ። “የማበቢያ ጊዜ ይህን ያህል ከመቶ የዘረመል ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ አካባቢው ስም ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ሥዕሉን ይሥሩ። በአግድም ድሃውና የበለጸገው አፈር፣ በቁም ባሕርዩ፤ ለእያንዳንዱ ሐረግ ሁለቱን አማካዮች የሚያገናኝ አንድ የምላሽ መስመር። መስመሮቹ ጎን ለጎን ከሄዱ ሐረጎቹ ለአፈሩ የሰጡት መልስ አንድ ነው። እንደ ማራገቢያ ከተዘረጉ ደረጃው ሳይለወጥ ልዩነቱ ብቻ ሰፍቷል፤ በሎጋሪዝም ቀይረው ያዩት፣ ብዙ ጊዜ መስተጋብር የተባለው የመለኪያው ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይጠፋል። ከተሻገሩ ግን አንዱ ሐረግ በድሃው፣ ሌላው በበለጸገው ይበልጣል። በሎጋሪዝም የማይጠፋው ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ሽሚያው። ለእያንዳንዱ አፈር ለብቻው የ20ዎቹን ሐረጎች አማካይ ወስደው ተዛምዶውን ያስሉ፦ አገዳ ሲወጣ የነበረውን ትልቅነት ከማበቢያ ቀን፣ የዘር ክብደትን ከዘር ቁጥር። ከዚያ ያንኑ በ120ዎቹ ነጠላ ተክሎች ያስሉትና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የዘር ክብደትና የዘር ቁጥር ተዛምዶ በነጠላ ተክሎቹ አዎንታዊ፣ በሐረግ አማካዩ አሉታዊ ከሆነ መግቢያው ላይ ያየነውን ሒሳብ በዓይንዎ አዩት ማለት ነው።

በዚህም ላይ ትንሽ ጥርጣሬ ይኑርዎት። የአንድ ሐረግ አማካይ በአንድ አፈር ከስድስት ፖት ብቻ ነው የወጣው፤ የእነዚያ ፖቶች ዕድል በሁለቱም ባሕርያት ውስጥ አለ። ቀላሉ መፈተሻ የመጀመሪያውን ባሕርይ አማካይ ከብሎክ 1 እስከ 3፣ የሁለተኛውን ከብሎክ 4 እስከ 6 ማውጣት ነው። ተዛምዶው በመጠኑ ደከም ማለቱ አይቀርም፤ ምልክቱ ከተገለበጠ ግን ያዩት የፖት ዕድል ነበር።

ወደ አንድ ጂን መውረድ

እስካሁን ያገኙት “ሐረጎቹ በዚህ መልክ ይለያያሉ” የሚል ነው። የትኛው ጂን እንዳመጣው አያሳይም፤ ሐረጎቹ በብዙ መቶ ሺህ ቦታ ይለያያሉና። ለፍሪጊዳና ለኤፍኤልሲ ግን የተዘጋጀ መሣሪያ አለ። ሦስት ሐረጎችን ጎን ለጎን ያብቅሉ፦ ኮል-0፤ የሚሠራው ፍሪጊዳ ኤስኤፍ-2 ከተባለው ሐረግ የገባበት ኮል፤ እና በዚሁ ሁለተኛው ውስጥ ኤፍኤልሲ የተሰበረበት፣ ኤፍኤልሲ-3 የሚባለው። ሁለተኛው ይዘገያል፣ ቅጠሉ ይበዛል፤ ሦስተኛው መልሶ ይፈጥናል። የዘሩ ምርት አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሽሚያው በዚሁ መንገድ ያልፋል። እነዚሁ ጂኖች የውሃ አጠቃቀምንም እንደሚነኩ ይታወቃል፤ የሚዘገየው ሐረግ ውሃውን ቆጥቦ ይጠቀማል፣ የሚፈጥነው ድርቁ ሳይደርስ ዘር ሰጥቶ ያመልጣል። በማዕድን ፋንታ ውሃን ሁለተኛ አካባቢ ማድረግ ለዚህ ጥያቄ የበለጠ ይስማማል።

የሌላ ጂን ዋጋ መለካት ከፈለጉ ድግግሞሹን አስቀድመው ያስሉ። አርፒኤም1 የተባለ በሽታ መከላከያ ጂን በሽታ በሌለበት የዘር ምርትን በ9 ከመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ታይቷል። በተክልና በተክል መካከል ያለው የዘር ምርት ልዩነት 25 ከመቶ ከሆነ እንዲህ ያለውን ዘጠኝ ከመቶ ለመያዝ ስንት ተክል ይፈልጋል? ደንቡ፦ 25ን ለ9 ያካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙ፣ በ16 ያባዙ። ለእያንዳንዱ ወገን 123 ተክል ገደማ። በ12 ፖት ልዩነት አላገኘሁም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

ሁለት ባሕርያት አብረው ሲንቀሳቀሱ አንድ ጂን ሁለቱንም ይመራል ብለው አይቸኩሉ፤ ሁለት ጎረቤት ጂኖች አብረው ተወርሰውም ይሆናል። የሚለየው ሁለቱን ወላጆች አዳቅሎ፣ ለብዙ ትውልድ ራሱን እያዳቀለ የተከፋፈለ ስብስብ ውስጥ አብረው ይቆዩ እንደሆን ማየት ነው። አንድ ጂን ሁለቱን እንደሚመራ በግልጽ ከታዩት አንዱ ኤሲዲ6 ነው፤ አንዱ ቅጂው ተክሉን በሽታ ተከላካይ ያደርገዋል፣ በዚያው ልክ የቅጠል ዕድገቱን ያቀዘቅዘዋል።

ሲበላሽ

ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች አፈሩ ላይ ከበዙ ዕጮቻቸው የቡቃያውን ሥር ይበላሉ። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ መሆኑ ነው የሚጠራቸው፤ በሁለት ማጠጫ መካከል ላዩ ይድረቅ፣ አንድ ሳንቲሜትር ደረቅ አሸዋ ይነስንሱ፣ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ይስቀሉ። መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ ሁሉንም ፖት በአንድ ቀን ይርጩ፤ የታመመውን ብቻ መርጨት ሦስተኛ አካባቢ መፍጠር ነው።

በበለጸገው ፖት ላይ ብቻ አረንጓዴ ልባስ ከታየ አይደንግጡ፣ አልጌ ነው፤ ማዕድኑን ይሻማል፣ ግን ከላይ የተነሰነሰው አሸዋ ያቀዘቅዘዋል። የዳር ፖቶች ከመሐሎቹ ቀድመው ከደረቁ በብሎኩ ዙሪያ የማይለኩ ተክሎችን አጥር አድርገው ይደርድሩ።

የድሃውና የበለጸገው አፈር ተክሎች በሦስተኛው ሳምንት በዓይን ካልተለያዩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ማዕድኑ እየተቀላቀለ ነው፣ ወይም ቨርሚኩላይቱ ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ከረጢቱን ያንብቡ። የማበቢያ ቀኑ ግን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ አስቀድመው አይወስኑ፤ መጠነኛ የናይትሮጅን እጥረት አበባን ሊያፋጥን፣ ከባዱ ደግሞ ሊያዘገይ ይችላል።

በሐረግ አማካይም ተዛምዶው አዎንታዊ ሆኖ ከቀረ ሙከራው ወድቋል ማለት አይደለም። ሐረጎቹ በድልድል ብቻ ሳይሆን በገቢም ይለያያሉ፤ አንዱ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ አንዱ ቅጠሉ ብርሃን በደንብ ይይዛል። ጠቅላላውን ደረቅ ክብደት በሎጋሪዝም እንደ ተጨማሪ መለኪያ ሞዴሉ ውስጥ አስገብተው ዘርን ከቅጠል ጋር እንደገና ያዛምዱ። ዘርን ለጠቅላላ ክብደት አካፍሎ ያን ክፍልፋይ ከጠቅላላ ክብደት ጋር ማዛመድ ግን የዘር ቁጥሩን ወጥመድ በሌላ በር መመለስ ነው፤ አንዱ ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀምጧልና።